ዋስ ጥራ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ መሐል ሜዳ በብርድ፣
ሰርቨሩ ብቻ ነው የሚሞቅ፤ ጣቴን ከጎኑ ልማግድ።
ነገ ገበያ ነው። ከቀያ፣ ከግሼ፣ ከላሎ፣
ሰው ወደ ሆስፒታል ሊመጣ ነው ልጁን በባና ጠቅልሎ።
የካርዱ ፕሮግራም ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ
የማንንም ስም አያውቅም፤ ዝም ብሏል አቀርቅሮ።

ፓኬጁን «ግባ» ብለው፣ «ያለ ዋስ አልገባም» አለኝ፤
ዋሱን ፈልጌ ባመጣ፣ «የኔስ ዋስ?» ብሎ ጠየቀኝ።
የዋስ ዋስ፣ የዚያም ዋስ፤ እንደ መንዝ የርስት ሙግት
ሰባት ቤት ያስቆጥረኛል፣ ከአያት እስከ ቅድመ አያት።
አንዱ ስሙ ልክ ሆኖ ሳለ ቨርዥኑ ግን አሮጌ፤
ጣልሁት። አዲሱን ደግሞ ደከምሁ ፈልጌ ፈልጌ።
ሁለቱ «አንተ ቅደም»፣ «የለም፣ አንተ» ይባባላሉ፣
እንደ ሠርግ ቤት ሽማግሎች በር ላይ ቆመው ይቀራሉ።

«ሌባ ገብቶ ነው?» አለኝ ዘበኛው ሸዋንግዛው ጠጋ ብሎ፣
ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ፊቱን በጋቢ ከልሎ።
«አይ፣ አንዲት ፋይል ናት፤ ስምንት ኪሎባይት የማትሞላ።»
«እኔ ዕቃ ሲጠፋ» አለ፣ «ሌባ የምፈልገው ኋላ፤
መጀመሪያ የምጠይቀው ቁልፍ የያዘውን ነው።»
ሳቅሁ።
ሳቄ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

መዝገቡን ገለጥሁ ወደ ኋላ። ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ፤
ትእዛዙ ከኔ ጣት ወጥቷል፤ የማስተባብልበት አጣሁኝ።
አውላቸው ወደ አጣዬ ተዛውሮ ክሊራንስ ሲያዞር
የፈረምሁለት እኔ ነኝ። ስሙን ከማሽኑ ስፍቅ
ቤቱን ከነጓዳው ጠረግሁ።
ለካስ እዚያ ጓዳ ነበረች በእጁ የሠራት ላይብረሪ፣
አምስት ዓመት ካርዱን ሁሉ ተሸክማ፣ ያለ ጠሪ።

ደወልሁ። በሦስተኛው ተነሣ።
ከድምፁ ኋላ እንቁራሪት ይጮኻል፤ አጣዬ ይሞቃል መሰለኝ።
«ጠፋች?» አለ። ማን አጠፋት አላለኝ።
«ፍላሹ ከካቢኔው ጀርባ ነው፣ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።
የዚያን ቀን ልነግርህ ነበር፤
ቸኩለህ ነበር።»

ፕላስተሩ ከብርዱ ደርቆ በጥፍሬ ነው የላጥሁት።
አስገባኋት። ከዚያ አንዱ አንዱን እየጠራ፣
ደጅ ሲጠና ያደረው ሁሉ ገባ በየተራ፤
ሽማግሎቹም ሳይቀሩ፣ ማን እንደቀደመ ሳላይ።
ወፍ ሲንጫጫ አንድ ስም ብቅ አለ ስክሪኑ ላይ፦
ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ስድሳ ሁለት ዓመት፣ የደም ግፊት።

አውላቸው ስልኩን አልዘጋም ነበር። «ገባ?» አለኝ። «ገባ።»
ሌላም ልለው አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ሄደ።
ቁጥሩን በወፍራም እስክሪብቶ ካቢኔው ላይ ጻፍሁት።

ሸዋንግዛው ባትሪውን አጥፍቶ ለፈረቃ ሲወጣ፣
«እህ፣ ሌባው ተያዘ?» አለኝ።
«ተያዘ» አልሁት፤ «ዋስ አግኝቶ ወጣ።»