ሁለት ፊደል፣ ሃያ አኃዝ

ላይፕዚግ ውስጥ ሌሊት የትራም ወንበር ሳጥብ፣
ማስቲካ ስፍቅ፣ የቢራ ጠርሙስ ስሰበስብ፣
አራት ክረምት ሙሉ ሳንቲም ስቆጥብ
ያጠራቀምኩት ነው፤ አራት ሺህ ስድስት መቶ፣
ከኪራይ ተርፎ፣ ከጉሮሮ ወጥቶ።

ለፒያኖ ነው። ሶልያና ካርቶን ላይ
ጥቁርና ነጭ ቀብታ፣ ድምፅ የሌለው ዜማ ስትመታ ሳይ
«ይሁን» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ፕላግቪትዝ ሰፈር፣ ከቦዩ ማዶ፣ አንድ ጠባብ ሱቅ ነበር፤
ባለቤቷ ፍራው ሊንድነር፤ ባሏ የፒያኖ ቃኚ ነበር፣
ሞተ፤ እሷ ቀረች ከቡናማው እንጨት ጋር።
ስሜን አትችለውም። ጽጌሬዳ ብላት፣ ብደግምላት፣
«ፍራው ዚጌ» ትለኛለች፤ ምላሷ አልታዘዝላት።
ዋጋ ተስማማን። «ሂሳቡን እልካለሁ፣ ክፈይ በባንክ በኩል»
አለች፤ «እባክሽ» የለ፣ ምን የለ፤ የወታደር ቃል።

ሐሙስ ሌሊት፣ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣
ደብዳቤ አነበብኩ፣ ስልኬን ካፍንጫዬ አጣብቄ፦
«ክብርት ወይዘሮ ጽጌሬዳ፣ ሰላምዎ ይብዛ፤
የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል። ሌላ ሰው ሳይገዛ፣
ነገ በማለዳ ተጫራች ሳይመጣ፣
እባክዎ ዛሬውኑ ይክፈሉ፣ ከእጅዎ እንዳይወጣ።»

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤
በዚህ አገር ማንም ስሜን አሟልቶ አልጻፈልኝ።

ጣቴ «ላክ» የሚለው ላይ ሊያርፍ ሲል
ቢጫ ጽሑፍ ወጣ፤ «ስሙና ቁጥሩ አይገጥሙም» የሚል።
«ይቀጥሉ?» ብሎ ዝም አለ። ውሳኔው የኔ።
ስንቱን አይቻለሁ፣ ቢጫ መብራት ሲጥስ፣ በዐይኔ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤
የጣትስ? የጣት ድሮ ይታሽ ነበር፣ ይድናል፤
ዛሬ ግን ቀስት ነው፣ የባንክ ሐዋላ፣
ከለቀቁት ወዲያ አይጠሩት ወደ ኋላ።
ካርድ ቢሆን ባንኩ መሐል ይቆም ነበር፣ እንደ ዋስ፣
ዕቃው ቢቀር እንኳ ገንዘቤን እንዲመልስ፤
የሊንድነር ካርድ ማንበቢያ ግን ከባሏ ጋር ሞቷል፣
ገመዱ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ወንበር ስወለውል ነው የገባኝ፦
ያ ደብዳቤ «እባክዎ» ብሏል፤ ያ ደብዳቤ ስሜን አውቋል።
ሊንድነር እንዲህ አትልም። ሌባ ግን ይላል።

ሲነጋ፣ የክሎሪን ሽታ እንደለበስኩ፣
ከሱቋ ደረጃ ላይ እስከ አራት ሰዓት ጠበቅኩ።
መጣች። ሰማች። ቀላች። «አልቀየርኩም! መቼም!
ባሌ የከፈተው ነው፤ ያው ነው ዛሬም።»
ከመሳቢያ ካርቶን አወጣች፣ የሟቹ የእጅ ጽሑፍ፣
መነጽሯን ሰካች፤ እሷ ልታነብ፣ እኔ ልጽፍ።
ሁለት ፊደል፣ ሃያ አኃዝ፤ አራት አራት እየቆረጥን፣
አንዷ ስትል አንዷ ስትደግም፣ ሁለት ጊዜ ዘለቅን።
መጀመሪያ አንድ ዩሮ። ዝም ብለን ጠበቅን፤
ስልኳ ጮኸ፤ ሳቅን።
ግማሹን ያን ዕለት፤ የቀረውን ግማሽ
ፒያኖው ቤቴ ሲገባ። «ይሁን» አለች፣ «እንደፈቀድሽ።»

ያው ደብዳቤ ደርሶት ነበር አንድ አስተማሪ፣ ከሃለ፤
ስሙ ፎግት ነው፤ እሷም ሌባውም እኩል ይጠሩታል። እሱ ከፈለ።

ቅዳሜ አራት ጎረምሶች፣ እየማሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ አወጡት።
አንዱ ቁልፉ ቢጫ ነው፣ እንደ አሮጌ ጥርስ፤
ሶልያና እሱን ነካች መጀመሪያ፣ ቀስ።
ደረሰኙ መጣ፤ ማኅተምም፣ ቀንም አለው፤
«ከፍራው ዚጌ ተቀብያለሁ» ነው የሚለው።
«እማ፣ ስምሽ ተሳስቷል፣ ይታረም» አለች። «ተዪው፤
እሷ መሆኗን የማውቀው በሱ ነው።»