የሰዓቱ ባትሪ

ዓጅማን ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ፣
አልጋዬ ነው ጠረጴዛዬ፣ ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ።
ጨዋታውን ሁለቴ ነካሁ፤
ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ጠበቅሁ፤
አበዳሪ እንዳየ ሰው ብቅ ብላ እልም አለች፣
ምን እንዳጠፋሁ እንኳ ሳትነግረኝ ሄደች።

ኮምቦልቻ ጌም ቤት ውስጥ፣ በሃያ ብር ሰዓት፣
ሙአዝ ይጠብቀኛል፤ ቀጠሯችን ነው የጁምዓ ሌሊት።
በስልክ «ደህና ነኝ» ነው፣ «እሺ» ነው፣ ከዚያ ዝም፤
እዚያ ውስጥ ግን ወሬ አይጠግብም።
«እማ፣ ድንጋይ አቀብይኝ! እማ፣ ከኋላሽ ጅብ!» ይላል፤
አራት ክፍል ቤት ሠርተናል።
አንዱ የኔ ነው፤ መስኮቱን ወደ ባሕር አዞረልኝ፣
«አንቺ ባሕር ለምደሻል» ብሎኝ።

አጥፍቼ አበራሁ፤ ነቅዬ ጣልሁ፣ መልሼ ጫንሁ፤
ዋይፋዩን ወቀስሁ፤ ቢስሚላህ ብዬ ዳግም ነካሁ።
«እንደ አስተዳዳሪ ክፈት» የሚል መጣ ከዝርዝሩ፤
«ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅጃለሽ?» ጠየቀኝ በክብሩ።
እኔን! ፓስፖርቴ ካፊሌ መሳቢያ ውስጥ ያለውን!
«አዎ» አልሁ።
መፍቀድ ለካ ደስ ይላል።
አልከፈተም። ቢሆንም ደስ ይላል።

ከታች ስልክ የሚጠግነው ኢርፋን ጀርባውን ፈታ፤
ሳንቲም የምታክል ባትሪ በጥፍሩ አወጣ።
«ይቺ ሞታለች። ቀኑን እዪው፤ አሥራ ሰባት ይላል፤
ያለፈ ዘመን ይዞ የመጣን ማን በሩን ይከፍትለታል?»

«በኛ አገር እኮ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ነው ዘመኑ፤
ሐበሻ ሆኖ ነው እንጂ አልተሳሳተም ማሽኑ።»
እሱ አልገባውም። የኔም ሳቅ መሃል ላይ ቆመ፤
በነሱ አሥራ ሰባት ነው የመጣሁት፤
ሙአዝ አራት ዓመቱ፣ ግራና ቀኝ ጫማውን አዛብቶ፣
በር ላይ እንደቆመ።

ቀስቱን ስነካ ዓመት ይጨምራል። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ፤
ጥርሱ ወለቀ፣ ፎቶ ላኩልኝ።
ሃያ። ሃያ አንድ፤ ያኔ ስልክ የለም። ሃያ ሁለት።
ሦስት። አራት። ድምፁ ጎረነነ። አምስት።
ስምንት ጊዜ ጣቴ ወረደ፤
ደቂቃም አልፈጀ።

ተከፈተ። ችቦ ለኩሶ በራችን ላይ አገኘሁት፤
«የት ቆየሽ?» ጻፈልኝ።
«ሰዓት ተበላሽቶ ነው» አልሁት።
«የኔም ሊያልቅ ነው» አለኝ፤ «አሥር ደቂቃ ቀረ፤
ነይ ቶሎ፣ ድንጋይ አቀብይኝ፤
ጣሪያው እንደተጀመረ።»