የፈረስ ቦታ

ገና ቁርስ ሳልበላ ነው ስልኬ የጮኸው፤
«ውሃ መጣ» አለች፣ «መጣና ልንዋኝ ነው!
ዘጠኝ ቀን ተጠምተን ዛሬ ቢለቀቅ፣
ቧንቧው ፈነዳና ነደባው ሊጥለቀለቅ!
ድረስልኝ ማስተር፣ ድረስ በሞቴ፤
በባልዲ እየቀዳሁ ነው ከገዛ ቤቴ!»

«መጣሁ» ማለት ቀላል፣ ምላስ ጎማ የለው፤
የሙንተሃ ቤትስ ቅርብ ነው፤ ጭንቁ ማቆም ነው።
አምስት በር አበጁ ጀጎልን ያጠሩት፤
ፒካፔን በህልምም በውንም አላዩት።

ሸዋ በር ብደርስ ቲማቲም ተነጥፏል፤
ቡዳ በር ላይ ደግሞ ሲሚንቶ ይራገፋል፤
ኤረር በርን ባየው ድንኳን ተተክሏል፤
ሠርግ ይሁን ሐዘን ማን ወርዶ ይጠይቃል?
ግንቡን ሁለት ጊዜ እንደ መቀነት ዞርኩት፤
ናፍጣውን በማን ሂሳብ እንደምጽፍ አጣሁት።

ኋላ ፈረስ መጋላ፣ ከፔጆ ታክሲ ጎን፣
አንዲት ክፍተት አየሁ የአህያ ወገብ የምትሆን።
ጎማዬን በግማሽ ጠርዙ ላይ አሳርፌ፣
ፍሬቻ አብርቼ፣ ስፖኪዮ አጥፌ፣
«ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ መጣሁ» ብዬ ጽፌ፣
ስልኬንም ጨምሬ መስታወት ላይ ለጥፌ፣
ወረድኩ።

ሂክማ መጣች፣ ብርቱካን ሰደርያዋን ለብሳ፤
«ለግማሽ ሰዓት ነው» አለች ኩፖኗን በጥሳ።
ለግማሽ ሰዓት!
መጠገኑ ቀርቶ፣
ቧንቧ የቱ ጋ እንዳመመው
አይናገርም በዚህች ጊዜ አፉን ከፍቶ።

ጃፈር ድሪሉን አዘለ፤ እኔ ባለ ሦስት ሜትሩን ቱቦ፤
ሳጥኔ በግራ እጄ፣ ሆዳችን ተርቦ፣
መኪና ግርግርን ቁልቁል ተያያዝነው።
ስሙ ነው መኪና፤ የልብስ ስፌት ነው፤
ግርግር ይላል እንጂ ማንም አይነዳው።
ጥግ ስንታጠፍማ ቱቦው ሻሽ አንጠልጥሎ፣
ስድብ ተከተለን በሦስት ቋንቋ ተቀጣጥሎ።

ዋናውን ዘጋሁት። ግድግዳውን ፈለፈልኩ።
ጎሚቶው ነው የሞተው። ሳጥኔን ከፈትኩ፦
ፒንሳ አለ፣ ቴፍሎን አለ፣ አለ ማኒኮቶ፤
ጎሚቶ የለም።
መኪናው ውስጥ ቀርቷል፣ ወንበር ስር ተረስቶ።

ስድስት መቶ ርምጃ፤ ሽቅብ፤ ቆጥሬዋለሁ።

ስደርስ ሳጅን ወርዶፋ ከኋላ ቁጢጥ ብሎ፣
በባለ አንድ ብር ሳንቲም ከታርጋዬ ብሎን ታግሎ፣
ላብ አጥምቆታል።
«ወረቀቱን አላየህም?» አልኩት።
«አየሁት። መጣሁ ይላል። አልመጣህም።»
ከዚያ ዐይኑ ኪሴ ላይ አረፈ፤
ቀይ እጀታ ብቅ ብሏል።
«ካቻቢቴ ነው?»

ምን ይባላል? ነው። ሰጠሁት።
ግን አያያዙን ሳይ አንጀቴ አልቻለም፤
ብሎን እያየሁ ሲበላ ዝም አልልም፤
«ተው፣ ተው፣ ታበላሸዋለህ» ብዬ ተንበረከኩና፣
የገዛ ታርጋዬን በገዛ እጄ ፈታሁና፣
አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ
አስረከብኩት።
«ሥራህ ያምራል» አለኝ። ክሱን ጻፈ።

ቁልቁል ስመለስ፣ ጎሚቶዬን በኪሴ፣
አንድ ነገር አመላለስኩ በውስጤ ለራሴ፦
ይህ ሜዳ በስሙ የፈረስ ገበያ ነው፤
ፈረሱን ባለቤቱ የት ነበር የሚያስረው?
«ያዝልኝ» ሲል ልጓሙን ማን ነበር የሚይዘው?
ፈረሱ ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ እስካሁን ቆሟል፤
የኔዋ ቶዮታ ግን ጥቂት ብትቆም ያስቀጣል።

ቴፍሎን ጠመጠምኩ። ጎሚቶውን አሰርኩ።
«ክፈቺው» አልኳት። ከፈተች።
ቧንቧው አንድ ጊዜ አስነጠሰ፤
ዝም አለ።
ውሃው ሄዷል።
ሥራዬ ይዞ እንደሆን የሚታወቀው እንግዲህ
የዛሬ ዘጠኝ ቀን ነው።

መኪናዬም እዚያው ናት፤ ያለ ታርጋ አትነዳ።
በመጨረሻ ቦታ አገኘሁ፣ ማንም የማይነካው፤
ሂክማ ብቻ ናት በየግማሽ ሰዓቱ
መጥረጊያው ስር ኩፖን የምትሰካው።