ሉዝ፣ ለውዝ

አፉላ፣ ሆስፒታል፣ ሁለተኛው ፎቅ፣
ራጅ ክፍል ደጃፍ ተራ ስንጠብቅ፣
እናቴ በጎኗ በግማሽ ተቀምጣ፤
ደረጃ ጥሏት ነው፣ ማለዳ ስትወጣ።
የሚያማትን ቦታ በስሙ ላትጠራ
«ወገቤ ነው» ትላለች፣ ሐኪሙን አፍራ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ በዚሁ ሆስፒታል፤
አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሕመም በአፌ ያልፋል፤
የእናት ሲሆን ግን ጉሮሮ ያንቃል።

ዶክተር ናዲም መጣ፣ የናዝሬት ሰው ነው፤
የጀርባዋን አጥንት ስክሪን ላይ ዘረጋው፦
አንጓ በአንጓ ሆኖ፣ እንደ ማሽላ አገዳ፣
ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ታች ከወደ ጓዳ።
«ሉዝ» አላት በዕብራይስጥ፣ በእርሳሱ ነክቶ፣
«አማኞች እንዲህ ይሏታል።»
                                      እናቴ፣ ቃሉ ጆሮዋ ገብቶ፦
«ለውዝ ነው ያለው፣ ልጄ? ያ ቆልተን የምንቆረጥመው?
ይኼን ሁሉ ዘመን ለውዝ ላይ ኖሯል የተቀመጥነው?»

ስተረጉምለት ሳቀ። «እኛም ሎዝ ነው የምንለው፣
አያቴ ጓሮ የተከለው፣ በየካቲት የሚያብበው።»
አንዲት ፍሬ ቃል ናት፣ ሦስት ልጣጭ ለብሳ፣
እዚህ የተሰነጠቀች፣ አሮጊት ወድቃ ስትነሳ።

ላቲኑ ከግሪክ ተበድሮ ሌላ ስም ሰጥቷታል፤
ጫፏ ሾጠጥ ቢል፣ የኩኩ ወፍ መንቁር ብሏታል፣
ያቺ በሰው ጎጆ እንቁላሏን የምትጥል።
ይህን ለእናቴ አልተረጎምኩም፤
ስለ ሰው ጎጆ የሰማችው አያንሳትም።

ማታ፣ በሆዷ ተኝታ፣ ትራሱን በደረቷ አቅፋ፣
የረቢዎቹን ተረት አወራኋት፣ እንቅልፏ ቢጠፋ፦

አንድ ንጉሥ ጠየቀ፣ «ሙት ከምኑ ይነሣል?»
«ከጀርባው ጫፍ፣ ከሉዝ» ሲል ጠቢቡ ይመልሳል።
«አሳየኝ» አለው። አሳየው።
በወፍጮ ፈጯት፣ አልደቀቀች፤
እሳት ውስጥ ጣሏት፣ አልነደደች፤
ውሃ ውስጥ ዘፈዘፏት፣ አልሟሟች።
መስፍ ላይ አስቀምጠው በመዶሻ ቢመቷት፣
መዶሻው ተሰበረ፣ መስፉ ተሰነጠቀ፤ እሷን ምንም አልነካት።

እናቴ የቀጥቃጭ ልጅ ናት። ከትራሱ ቀና አለች፦
«መስፍ አይሰነጠቅም» አለች።
«አባቴ ማረሻ ሲቀጠቅጥበት ኖሮ፣ ለወንድሜ አወረሰው፤
ብረት የማያውቅ ሰው ነው ይህን ተረት የጨረሰው።
ቄሳችንም አላነበበልን። እኔ የማውቀው ለውዝ
የያዕቆብ በትር ነው፣ የአሮን በትር ነው፤
ደረቅ እንጨት ሆኖ ያፈራው።»

ዝም አለች። ከወጥ ቤት ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።
ታች ጎዳና ላይ የመጨረሻው አውቶቡስ ያልፋል።
ከዚያ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፦
«ያቺ ፍሬ፣ ሕፃን ላይም አለች?
ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ላይ… ጠንክራ ትደርሳለች?»

ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
አዝመራው ነው፣ ታላቄ፤ እኔ አላየሁትም።
ሱዳን፣ ከድንኳኖቹ ኋላ፣ አሸዋ ጭረው አኖሩት፤
በማግስቱ ነፋስ መጣ፤ ቦታውን አላገኙት።

መጽሐፉ የሚለውን አውቃለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ፦
በዚያ ዕድሜ አጥንት አትባልም ገና፣
ልም ናት፣ እንደ ጆሮ ጫፍ የምትታጠፍ፣
ለመጠንከር ዓመታት የሚቀራት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ለሐኪምም ለታማሚም፣
ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም።

«አለች» አልኳት። «ሕፃንም ላይ አለች።
እንደ ትልቅ ሰው ሆና፣ ጠንክራ።»

ቆየች። እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፣
ሕመሟ ላይ፣ ቀስ ብላ፣ አሳረፈች።
«እንግዲያስ» አለች፣
«መስፉ ይሰንጠቅ።»