ልብ ይበሉ

እኔ ሙታን አጥባለሁ፤ አባቴም ያጥብ ነበር፣
በቆሎ ከአራት በኩል በከበባት፣ በአንዲት የኔብራስካ ሰፈር።
ሬሳው የሚቃጠል ሲሆን፣ ምድጃው ሳይግል በፊት፣
ከግራ አንገት አጥንት ስር ቆዳውን እዳብሳለሁ በጣት።
እዚያ አለ፤ እንደ ኪስ ሰዓት ክብ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣
በእሳት ውስጥ ከተረሳ ግን ፈንድቶ ጡብ የሚፈልጥ።
በትንሹ እቀደዋለሁ፤ ሽቦውን እቆርጣለሁ፤
በአልኮል አጥቤ፣ ስም ጽፌ፣ መሳቢያ ውስጥ አኖራለሁ።

ማንም መጥቶ አይጠይቅም። ሚስት ቀለበቱን ትወስዳለች፣
ልጅ ሰዓቱን፤ የጥርሱን ወርቅ አንዷ እህት ታስታውሳለች፤
ይህን ግን፣ የቤትን እኩሌታ ዋጋ የበላውን ዕቃ፣
ኑዛዜም አያነሳው፤ ከሞት ጋር ውሉ ስላበቃ።

ውሉ ያበቃው የሰዎቹ ነው። ባትሪው ይህን አያውቅም።
ስድስት ዓመት የቀረው አለ፣ ስምንት የቀረው፤ ይመታል፣ አይደክምም፤
በጨለማው መሳቢያ ውስጥ፣ ጌታው እንደሞተበት ውሻ፣
ያንኳኳል በየሰከንዱ። ማን ይንገረው? የት አለው መርሻ?

ዌንደል ፕሮሃስካ፣ ጎረቤቴ፣ የእህል ጎተራው መዛኝ፣
እሑድ እሑድ በቼኮቹ አዳራሽ አኮርዲዮን ሲዘረጋ የሚገኝ፣
የእሱ ባትሪ ሊያልቅ ነው። የሊንከኑ ሐኪም «ሦስት ወር» ብሎ ጻፈ፤
ኢንሹራንሱ ወረቀቱን በአንድ ገጽ መልስ አሳለፈ፦

«የተከበሩ ደንበኛችን፣
የጠየቁት መሣሪያ አስፈላጊነቱ በአሁኑ ጊዜ አልተረጋገጠም።
ይግባኝ ለማለት ስልሳ ቀን አለዎት።
ልብ ይበሉ፦ ይህ ደብዳቤ ሕክምና አይከለክልም፤
የክፍያ ውሳኔ ብቻ ነው።»

«ልብ ይበሉ!» አለ ዌንደል። «እኔስ ሌላ ምን አልኩ?
ልብ ነው ያልኩት፤ ልብ ብቻ፤ በአሥራ አንድ ቅጽ ልብ አልኩ።»

የልጁ ልጅ፣ ትንሿ ራድካ፣ ክንዷ ላይ ስኳር ለኪ አላት፤
እሱን ፈቅደው፣ የሚያጣብቀውን ፕላስተር ግን ከለከሏት።
በሙቀቱ ላቧ ሲያወርደው፣ አያቷ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፕላስተር ይጠቀልላል፤
«እኛ ቤት» ይላል፣ «ሰው ሁሉ በባትሪ ይኖራል።»

አንድ ማታ መጣ፤ ደረጃዬን በሦስት ዕረፍት ወጣ።
ቢራ አልጠየቀኝም። «መሳቢያውን አሳየኝ» አለ፤ ፊቱ ነጣ።
ከፈትኩለት። አርባ ሰባት። የወንድሙን የሚሎን ፈልጎ አነሳ፣
ትራክተር የጣለውን፣ መሣሪያው ዓመት ሳይሞላው፣ አንድ ጠዋት ከማሳ።
ከፋዩ ያው ኢንሹራንስ ነበር፤ ያው ሞዴል፣ ያው ሐኪም።
ጆሮው ላይ ደገፈው። «ምንም አይሰማም» አለ። «አዎ፣ አይሰማም።»
«ይሄንኑ ቢያስገቡልኝስ?»
«አይቻልም ዌንደል» አልኩት፤ ስለ ሕጉ፣ ስለ መለያ ቁጥሩ፣ ስለ ጀርም
እያወራሁ፣ ዓይኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቁመቱን ይለካ ነበር፤
ስድስት ጫማ ከሁለት ኢንች፤ ትከሻው ሰፊ፤ ትልቁን ሣጥን ማዘዝ ነበር።

በማግሥቱ ስልክ ደወልን፤ ሙዚቃው ከሰዓት በኋላችንን በላ፤
አንዷ ወደ አንዱ አሻገረችን፣ ያም ወደ ሌላ።
ሦስተኛውን ይግባኝ እኔ ጻፍኩት፤ ሙያዬን ከስሜ ስር አሰፈርኩ፦
«ቀባሪ ነኝ፤ መሣሪያችሁን የማየው መጨረሻ ላይ ነው» አልኩ።
«ልብ ይበሉ፦ ሰውየውን ሳጥብ የእናንተን ውሳኔ አላጥብም።»
ይሄ ይሁን፣ ወይ የሐኪሙ ጩኸት፣ ወይ የአንድ ጸሐፊ ስህተት፣ አላውቅም፤
በሰማንያኛው ቀን ፈቀዱ። ለራሱ ድርሻ አኮርዲዮኑ ተሸጠ፤
ኦማሃ ያለ ልጅ ገዛው፤ ዌንደል ጣቶቹን ጠረጴዛ ላይ እያራወጠ ተቀመጠ።

ዛሬ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። ሸሚዙን ፈታ። «ዳብሰው» አለኝ፣ «ግድ የለም፣
አንድ ቀን ያንተ ነው፤ ካሁኑ ተዋወቁ።» ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
ጣቴን አሳረፍኩ፣ ከግራ አንገት አጥንት ስር፣ ሠላሳ ዓመት በማውቀው ቦታ።
ጠንካራዋ ክብ አለች።
ቆዳው ሞቃት ነበር።
እጄን ቶሎ ማንሳት አቃተኝ።