ሰባት ጠጠር

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ከምድር ቤቱ በር፣
ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ፤ ሰው ሲጠፋ ካርድ እቆርጥ ነበር።
ካርድ ስል የስልኩ እንዳይመስላችሁ፣ በሳንቲም የሚፋቅ፤
የልጆቹ ነው፣ በአውሬ ሥዕል የሚዋጋ፣ በጠጠር የሚጠየቅ።

ሕጉ ቀላል ነው። በየተራው አንድ ጠጠር ይጨመርልሃል፤
ባለህ ጠጠር ልክ ከእጅህ አንድ አውሬ ይወጣል።
አንበሳው ጉልበቱ ዐሥር፤ ግን ሰባት ጠጠር ይፈልጋል።
ፍልፈል ጉልበቷ ሁለት፤ ለሷ አንድ ይበቃል፤
ስትገባ ግን ከተጣለው ክምር አንድ ሙት ቆፍራ
ወደ እጅህ ትመልሳለች፣ በእግሯ አፈር እየጫረች፣ ሳትፈራ።

ኢፋ ዐሥራ አንድ ካርድ ሰጥቶ አንበሳውን ያዘ፤
ሁለት ጅብ፣ ጦጣ፣ ጃርት፣ ፍልፈሉን ጭምር፤ በወርቁ ቀለም ፈዘዘ።
ከዚያ ወዲህ አረማመዱ ተቀየረ፤
ደረጃ ሲወርድ እንኳ እየተንጎማለለ ነበረ።

ሌንሳ፣ የአራተኛ ፎቋ፣ ጀሪካኗን አቁማ
ካርዱን ተቀበለችው። ሥዕሉን አላየችም። ጥጉን አየችና፣ ቀስ ብላ፣ ረጋ ብላ፦

«ጉልበቱን ተወው፤ መቼ ነው ከእጅህ የሚወርደው?
ስትመራማ ሁሉም ካርድ አንበሳ ነው።
ሁለት ጠጠር ይዘህ፣ ሦስት አውሬ ሞቶብህ፣ ተራው ያንተ ሲሆን፣
ከእጅህ ላይ ምን ማየት ትፈልጋለህ? እሱን ነው መጠየቅ፣ እሱን።
ማክሰኞ ውሃ ሲመጣ በርሜሉም ጀሪካኑም ይሞላል፤
ዓርብ ላይ፣ ቧንቧው ሲያፏጭ፣ የሃያ ሊትሯ ዋጋ ይለያል።»

እኔ ጨዋታውን አልችልም፤ የማውቀው መቀስ፤
የማየው፣ የትኛው ካርድ ጠርዙ ተበልቶ ወደ እኔ እንደሚመለስ።
ጃርት በወር አንዴ። ጅብ አልፎ አልፎ። ፍልፈል ግን ሰኞ ሰኞ ናት፤
በፕላስተር ታሽጋ፣ ወጥ ፈስሶባት፣ ግማሽ ፊቷን ላብ በልቷት።
አንበሳውን ደግሜ አትሜው አላውቅም፤ አንድ ቀን አልቆሸሸ፤
እንደ እንግዳ ብርጭቆ፣ ከቡፌ ውስጥ እያበራ መሸ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከደረጃው ሥር፣
የተነቀለ የኮንዶሚኒየም በር
በብሎኬት ላይ ተጋድሞ፣
ኑረዲን ዳኛ፣ ያፌት ጠጠር ቆጣሪ፤
ግማሹ ልጅ ተቀምጦ፣ ግማሹ ቆሞ።

ኢፋ በሦስተኛው ተራ ዝም አለ። በአራተኛውም ዝም።
ከጣቶቹ መሃል ወርቁ ያበራል፤ ማውጣት ግን አይችልም።
ሌንሳ ፍልፈል አወጣች። ፍልፈሏ የሞተች ጃርት ቆፍራ አመጣች።
ጃርቷ ሞተች። ሁለተኛ ፍልፈል። ያችው ጃርት ዳግም ወጣች።
ስድስት ጠጠር ሲሞላው፣ ኢፋ ወደ በሩ ጠርዝ ተጠጋ፤
አንዲት ጠጠር ቀርታው ነበር፤
ኑረዲን «አበቃ» አለ፣ እጁን ዘረጋ።

ሁላችንም አንበሳውን አየነው፤ አልተጫረ፣ አልተነካ፤
እጅ ውስጥ ሆኖም ይሸነፋል ለካ።

ማታ ሱቁን ስዘጋ፣ ግድግዳዬ ላይ ዲግሪዬን አየሁት፤
በገዛ ማሽኔ፣ በገዛ እጄ፣ እንዳይቆሽሽ በላስቲክ የለበጥሁት።

ሰኞ ኢፋ መጣ። አንበሳውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።
«እትዬ ሶስና፣ ይችን ሰባት፣ አምስት ማድረግ ይቻላል?»
አለኝና አቀረቀረ።
ቀላል ነበር፤ ጥቂት ነጭ ቀለም፣ አንድ ጭረት፣ ማሽኑን መጫን፤
ማንም አይለየውም፣ ከአንዲት ዓይን በቀር፣ ከሌንሳ ዓይን።

እስክሪብቶ እንዳነሣሁ መብራት ሄደ፤
ማሽኑ አቃስቶ ቆመ፣ ሆዱ በረደ።
«ሲመጣ ተመለስ» አልኩት። አልሄደም። ደጃፌ ላይ ተቀመጠ፤
ከኪሱ የቀሩትን ካርዶች አውጥቶ በወዘ፣ አንዱን መረጠ።
አወቅሁት፤ ጠርዙ የተበላ፣ ፕላስተር ያለበት፤
ከማን እንደተዋሰው አልጠየቅሁትም፣ ለምን ልጠይቀው፣ በምን ድፍረት?
ሥዕሉን በአውራ ጣቱ ሸፈነ፤ ቁጥሩን ወደ ደጅ ብርሃን አዞረ፤
ከዳገቱ ማዶ የአውቶቡስ ጥሩንባ ጮኸ፤
እሱ ግን በከንፈሩ ይቆጥር ነበረ።