የጅብ ጥላ

ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ከሐይቅ ሽቅብ እወጣለሁ፣
ዳገቱ ሞተሬን ሲያስለው ወርጄ እገፋለሁ።
የኔ መንገድ አልቆ የአህያ ከሚጀምርበት
የጦይባ ጓዳ አለ፣ መስኮት የሌለበት።

ባሏ ይማም በሕይወት ሳለ እህል ያኖርበት ነበር።
አሁን ከወራጁ ላይ አርባ ላስቲክ ተሰቅሏል፣
ጭድ ታጭቆበት፣ ጎኑ በምላጭ ተሰንጥቋል።
በበርሜል የተቀቀለ ጭድ ነው፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ዘር ተነስንሶበት፤
በጨለማው ውስጥ ነጭ ክር ይፈትላል፣ እንዝርት ሳይዞርለት።

መጀመሪያ ሰሞን ሰፈሩ ሳቀ።
«የጅብ ጥላ ልትሸጥ ነው!
ልጅ በእርግጫ የሚበትነውን፣ ሰው ሊከፍልበት?»
ይህን ያለው አራጋው ነው፤
ዛሬ ጭድ በጆንያ ተሸክሞ በሯ ላይ ወረፋ የሚይዘው።
እኔም ስቄያለሁ። ወላሂ ስቄያለሁ።
የመጀመሪያውን ጭነት ሳይ «ይገድላል?» ብዬ ጠይቄያለሁ።
«ቅመስና ንገረኝ» አለች።
ቀመስኩ። ሥጋ ሥጋ አለኝ፤
ሥጋ ከቀመስኩ ስለቆየሁም ይሆናል።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣
የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ መዳፉ ላይ ገለበጠው።
«በጾም፣ በሳምንት ሃያ ኪሎ። ፍስክ ሲገባ እንተያያለን።»
ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በጣቷ ጾም ቆጠረች፦
ነቢያት፣ ሁዳዴ፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ።
ረመዳንና ሁዳዴ የተገናኙ ዓመት
ስሑር በልታ፣ ሱብሂ ሰግዳ፣ ጓዳ ገብታ ትለቅማለች፤
በራሷ ጾም ላይ ሆና የሌላውን ጾም ትመግባለች።
ወሎ ነው፤ ማን ይገረማል?

ከሐይቅ ባዶዬን አልመለስም፤ የኔ ድርሻ ያ ነው።
ከአናጢዎቹ በር ሰጋቱራ፣ ከጁስ ቤቱ የማንጎ ልጣጭ፤
ተሳፋሪ ከሌለ ልጣጩ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ከጓዳው ጀርባ አራት ገንዳ አለ፣ ኬሻ የለበሰ።
ሦስቴ የተለቀመ ጭድ፣ ጉልበቱን የጨረሰ፣
እዚያ ይወርዳል፤ ቀይ ትል ይቀበለዋል።
ትል ሲባል የኛ ሰው የሚያስበው መቃብር ነው።
ኬሻውን ገልጣ «እጅህን ስደድ» ስትለኝ
እምቢ አልኩ።
ደግሞ ሰደድኩ።
ቀዝቃዛ ነበር። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ይሸት ነበር።

ነሐሴ ላይ ሻገተ። አርባውም ላስቲክ አረንጓዴ ለበሰ፣
የማኅበሩ ብድር ሊከፈል ሦስት ሳምንት ሲቀረው።
በር ላይ ቆሜ «አብሽሪ» አልኩ፤ ቃሉ ለኔም አልበቃኝ።
አላለቀሰችም። ላስቲኩን አንድ በአንድ አወረደች፣
ገንዳው ላይ ዘረገፈችው፤ «ለነሱ ድግስ ነው» አለች።
የብድሩን ግማሽ በጥቁር አፈር ከፈለች፣ በኩንታል ተሰፍሮ፤
ግማሹን በፍየሏ።
ፍየሏን ለገበያ ያወረድኳት እኔ ነኝ፤
በስፖኪዮው መንገዱን ሙሉ ታየኝ ነበር።

ልጇ ሰዓዳ ደብተር ትይዛለች፣ በማስመሪያ ተሰምሮ፦
የገባ። የወጣ። የተጣለ።
ሦስተኛው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው።
«ምንም የማይጻፍበትን ለምን ታሰምሪዋለሽ?» ብላት
«አንድ ቀን ቢመጣ፣ ቦታ አይጣ» አለች።

ብር ባጠራት ቀን የኔን ሒሳብ በአፈር ትሰጠኛለች።
መሬት የለኝም። ያለቀ ጎማ ግን መች ቸገረኝ!
ሦስቱን በር ላይ ደርድሬ ቃሪያ ተክያለሁ፤
ሚስቴ ለጎረቤት ስትቆርስ አያለሁ፣ ዝም እላለሁ።

ትናንት ሌሊት ዘነበ።
ከአጥሬ ሥር አንዲት የጅብ ጥላ ብቅ ብላ አደረች፣ ነጭ፣ ብቻዋን።
ልጄ ሊመታት እግሩን አነሳ።
«ተው!» አልኩ።
«ለምን?»
መልስ አልነበረኝም።
«ጅቡ ይመጣል» አልኩት።